ዳማከሴ ከመጭመቃችሁ በፊት

ዳማከሴ ከገበያ ስትገዙ ቅጠሉን በጣታችሁ አሸት አድርጉት። ሽታው ወዲያው ካልሰነፈጣችሁ ቆይቷልና ይቅርባችሁ። ከጓሮ የተቀጠፈ ከተገኘማ ምን ይወዳደረዋል! በደንብ ታጥቦ በእጅ ይታሽና አረንጓዴው ጭማቂ ትኩስ ቡና ላይ ጠብ ይደረጋል። የጅማ ቡና ከሆነ ምሬቱም አይታወቅ (ለቡናችን ማዳላቴ ነው)።

ጤና አዳም ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ነፍሰ ጡር ሴት አትጠጣው። ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘውም ውኃ ሊያስቋጥር ይችላል።

ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ አካባቢያችን ወባ አያጣውም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ «ምች ነው» ብላችሁ ቅጠል ስትጨምቁ አትዋሉ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም ተመርመሩ።