16 ጊዜ 1 ጽፋችሁ መጨረሻው 0 ሲሆንባችሁ

ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ብዙ ሳይርቅ፣ አሳይመንትና የስም ዝርዝር እተይባለሁ። ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ከፔዳም ከፖሊም ተማሪ ይመጣል። ትልልቅ ቁጥር ይዞ የሚመጣው ሰው ብልሽቱ ሁሌም ያው ነው።

ምልክቱ፦ ኤክሴል ላይ 1111111111111111 ይጻፋል። ኢንተር ሲባል 1111111111111110 ይሆናል።

ምክንያቱ፦ ኤክሴል ከአንድ ቁጥር የሚይዘው የመጀመሪያዎቹን 15 አሃዞች ብቻ ነው። የተረፈውን በዜሮ ይተካዋል። አንድም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

አንዲት አሃዝ ምን አላት አትበሉ። አንድ ተማሪ ይህንኑ ቁጥር በብቸኛ ቁጥሮች (ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ በማይካፈሉት) ብዜት ጻፍ ተብሎ ነበር። መጨረሻው 0 ነው፣ ለ2ም ለ5ም ይካፈላል፤ አሃዞቹ ሲደመሩ 15 ናቸው፣ ለ3ም ይካፈላል ብሎ ሁለት ገጽ ሠርቶ መጣ። ሦስቱም ስህተት። የትክክለኛው ቁጥር አሃዞች ድምር 16 ነው። ትክክለኛው ለ11 ይካፈላል፤ ባለ ዜሮው ግን አይካፈልም።

የተማሪው ጥያቄ በእጅም ይሠራል። ቁጥሩን ከመሃሉ ቁረጡት። በዚህም 11111111፣ በዚያም 11111111። ስለዚህ ሙሉው 11111111 × 100000001 ነው። የመጀመሪያው 11 × 73 × 101 × 137 ነው። ሁለተኛው 17 × 5882353። 5882353 ብቸኛ መሆኑን ለማረጋገጥ እስከ 2425 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። ደግሞ ውበቱን እዩልኝ፦ 588 እና 2353 ብላችሁ ቁረጡት፣ ሁለቱንም በየራሳቸው አባዙ፣ ደምሩ። 5882353 ራሱ ተመልሶ ይመጣል!

የፋይዳ ካርድ ቁጥርም 16 አሃዝ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ረጅም ዝርዝር በፍላሽ አመጣችልኝ። ሁሉም በ0 ያልቃል። «ፎርማቱን ቀይርልኝ» አለች። ከጠፋ በኋላ ፎርማት መቀየር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ወረቀቱን አስመጥተን እስኪመሽ እንደ አዲስ ተየብን። መጀመሪያ ሴሉን ቴክስት አድርጉ፣ ከዚያ ጻፉ። ሲኤስቪ ፋይል (በኮማ የተለያየ ተራ ጽሑፍ) በደብል ክሊክ አትክፈቱ፤ ኤክሴል ቁጥሩን ያው ይቆርጠዋል። ከከፈታችሁም ሴቭ አታድርጉ። እባካችሁ ሴቭ አታድርጉ።

ቁጥሩ አጥሮ መሃሉ ላይ «ኢ» (E) ከገባ፦ ከ15 አሃዝ ካልበለጠ የጠፋ ነገር የለም፣ ሴሉን «ነምበር» አድርጉት።

ሞድ (MOD) የሚለው፣ ከማካፈል የሚተርፈውን የሚያወጣው ፎርሙላ #NUM! የሚል ስህተት ካወጣ፦ ቁጥሩ በዝቶበታል።

ሥራችሁ ሁሌ ከትልልቅ ቁጥር ጋር ከሆነ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጫኑ። ሙሉ ቁጥርን አሃዝ ሳይቆርጥ ይይዛል። ስታካፍሉ ግን ሁለት ስላሽ (//) ተጠቀሙ። አንድ ስላሽ መልሱን አስርዮሽ ያደርገዋል፣ ያኔ የኤክሴል ዓይነት ጣጣ ይመለሳል። 9007199254740993ን በአንድ ስላሽ ለ1 አካፍሉና እዩ። 993 የነበረው 992 ሆኖ ይወጣል።