ሆም ረን መቺው ሲደርቅ፦ የልውውጥ ጥያቄን እንዴት እንመዝን?

በፈረንጆቹ 2021፣ ጁላይ ሊያልቅ ሲል፣ በግራ የሚመቱ ሁለት የቤዝቦል ተጫዋቾች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቡድን ቀየሩ። ጆይ ጋሎ ከቴክሳስ ሬንጀርስ ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ ሄደ። ካይል ሽዋርበር ደግሞ ከእኛ ከተማ ቡድን፣ ከዋሽንግተን ናሽናልስ፣ ወደ ቦስተን ሬድ ሶክስ። የሁለቱም ስም አንድ ዓይነት ነበር። ሲቀናቸው ኳሷን ከአጥር ውጭ ይልኳታል፣ ሆም ረን የሚባለው ይህ ነው፤ ሳይቀናቸው ሲቀር ለሳምንታት ድርቅ ነው። ያንኪስ ለጋሎ አራት ወጣቶች ሰጠ። ቦስተን ለሽዋርበር አንድ ወጣት ወርዋሪ ብቻ። ያተረፈው በርካሽ የወሰደው ሆነ።

እንዲህ ዓይነት መቺ ለቡድናችሁ ይምጣ ወይስ ይቅር ብላችሁ ከጓደኛ ጋር የምትከራከሩ ከሆነ፣ ወይም በፋንታሲ ሊግ፣ ማለትም በእውነተኛ ተጫዋቾች ውጤት በሚካሄደው የምናብ ቡድን ውድድር፣ የልውውጥ ጥያቄ ከደረሳችሁ፣ እኔ የምሄድበት መንገድ ይኸውላችሁ። በቤዝቦል ልውውጥ እንደ እግር ኳስ ዝውውር ገንዘብ ተከፍሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ተጫዋች በተጫዋች ነው። ስለዚህ የምትወስዱትን ብቻ ሳይሆን የምትለቁትንም ማሰብ አለባችሁ።

1. የመምታት አማካዩን ለጊዜው ተዉት

ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህችን ቁጥር ነው። 0.250 ከሆነ ደህና፣ 0.200 ከሆነ ጉድ ይባላል። እስቲ እናስላው። አማካዩ የተሳካው ምት ለሙከራው ሲካፈል ነው። ቋሚ ተሰላፊ በወር ወደ 100 ጊዜ ያህል ይሞክራል። 0.250 ማለት 25 የተሳካ ምት፣ 0.200 ማለት 20 ነው። ልዩነቱ በወር አምስት፣ በሳምንት አንድ ገደማ! አንዲት ኳስ በተከላካይ ጓንት ጫፍ ብታልፍ ኖሮ ሳምንቱ ሌላ ስም ነበረው።

ሽዋርበር በ2023 ለፊላደልፊያ ፊሊስ ሲጫወት አማካዩ 0.197 ነበር። በዚያው ዓመት 47 ሆም ረን መታ። አማካዩን ብቻ አይቶ «ይሄማ አይሆንም» ያለ ሰው 47 ሆም ረን ጥሎ ሄደ ማለት ነው።

2. ድርቁ ከየት እንደመጣ ፈልጉ

ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። ድርቁ ምን ያህል ቆየ ከሚለው ይልቅ ከምን መጣ የሚለው ይበልጣል። ሁለት ዓይነት ድርቅ አለ።

አንደኛው የዕድል ነው። ሰውዬው ኳሷን በደንብ ያገኛታል፣ ግን ቀጥታ ተከላካይ እጅ ላይ ትገባለች። ይህን ለማየት ከዱላው የምትወጣውን ኳስ ፍጥነት ተመልከቱ። በሰዓት 95 ማይል፣ ማለትም ወደ 153 ኪሎ ሜትር እና ከዚያ በላይ ከሆነች ጠንካራ ምት ትባላለች። ስታትካስት የሚባለው መለኪያ ከ2015 ጀምሮ በትልቁ ሊግ ሜዳዎች ሁሉ ይህን ይመዘግባል፤ ቤዝቦል ሳቫንት የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ማንም በነጻ ያየዋል። ፍጥነቱ እንደ ድሮው ሆኖ ውጤቱ ብቻ ከወረደ፣ የያዘው ቡድን ተስፋ ቆርጦ ሊለቀው ይችላልና ቶሎ በሉ።

ሁለተኛው የቀዳዳ ነው። ወርዋሪዎች አንድ ደካማ ጎን አግኝተውበታል፤ ለምሳሌ ከፍ ብላ የምትመጣ ፈጣን ኳስ። እየደጋገሙ እዚያው ይወረውሩበታል፣ እሱም አየር ይመታል። ይህን የሚያሳብቀው ስትራይክአውት ነው፤ ሦስት ጊዜ ስቶ ወይም አሳልፎ መውጣት። ጋሎ በ2021 ለመምታት ከቆመባቸው 100 ጊዜያት በ35ቱ ገደማ በስትራይክአውት ወጣ። በ2022 ወደ 40 ደረሰ፣ በ2023 ወደ 43። ሽዋርበር ሁለቱም ቡድን በቀየሩበት በ2021 27 ላይ ነበር። ሁለቱም «ወጣ ገባ» ይባሉ እንጂ ነገራቸው ለየቅል ነው።

እዚህ ጋ የጋሎ ደጋፊዎች አንድ ክርክር ነበራቸው። ተከላካዮች ሁሉ በቀኝ በኩል ተሰብስበው ስለሚጠብቁት ነው የሚሉ ነበሩ። ሊጉ በ2023 ያንን አሰላለፍ ከለከለ። ጋሎ በዚያ ዓመት በሚኒሶታ ትዊንስ 0.177 መታ። ዱላው ያልነካትን ኳስ የትኛውም ሕግ አያድናትም።

ስለዚህ ስትራይክአውቱ ዓመት በዓመት እየጨመረ ከሆነ ሽሹ። ባለበት ከቆመና ኳሷን አጥብቆ የሚመታ ከሆነ ግን ወሬው ቀጥሎ ይሂድ።

3. በማይመታበት ቀን ምን ይሰጣል?

በክረምት ሁሉም ወንዝ ይሞላል፤ የሚለየው በበጋ ነው። ሰውዬው ሲደርቅ ቡድኑ ከእሱ ምን ያገኛል? አራት መጥፎ ውርወራ በትዕግሥት አሳልፎ በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይሄዳል? ይህ ዎክ ይባላል። ሽዋርበር በዚያ 0.197 በመታበት ዓመት 126 ጊዜ ዎክ አግኝቷል። ለጋሎም ፍርደ ገምድል አልሁን። በ2021 የእሱ 111 ነበር፤ ከዚያም በላይ በመከላከል በ2020 እና በ2021 የወርቅ ጓንት ተሸልሟል። ያንኪስ ዝም ብሎ አልተታለለም።

ዎክም የሌለው፣ ጓንቱም የማይረባ፣ ከሆም ረን በቀር ሌላ የማያውቅ መቺ ከመጣላችሁ ግን በወር ሦስት ሳምንት ባዶ ወንበር ነው።

4. የሚሄድበትን ሜዳ እዩ፣ ግን አትታለሉ

በያንኪ ስታዲየም የቀኝ ጥግ አጥር 314 ጫማ፣ ወደ 96 ሜትር ብቻ ይርቃል። በግራ ለሚመታ ሰው ግብዣ ነው። ጋሎን ሲያመጡት ብዙ ሰው ምራቁን የዋጠው በዚህ ነው። እዚያ በሄደበት የ2021 ቀሪ ጊዜ 13 ሆም ረን መታ፣ አማካዩ ግን 0.160 ሆነ። አጥሩ የቀረበው ለሚነካት ሰው ነው።

5. ዋጋውንና ውሉን አስሉ

ጋሎ ሲሸጥ እስከ 2022 መጨረሻ በያዘው ቡድን መብት ሥር ነበር፤ ስለዚህ ተወደደ። ሽዋርበር የአንድ ዓመት ውል ላይ ነበር፣ ያውም የጭን ጡንቻው ተጎድቶ። ርካሽ ነበር። ቦስተን ሲደርስ በ41 ጨዋታ 0.291 መታ።

የእኔ ሕግ ቀላል ነው። ለወጣ ገባ መቺ የምከፍለው በመጥፎ ወሩ ዋጋ ነው። ሻጩ በሞቀው ሳምንቱ ዋጋ ከጠየቀኝ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ይህን ሳልማር በፋንታሲ ሊግ አንድ ጥሩ ወርዋሪ ሰጥቼ ሆም ረን ብቻ የሚመታ ሰው ወስጃለሁ፤ ወርዋሪው እስከ መስከረም ድረስ በየሳምንቱ ሲቀጣኝ ከረመ።

በፋንታሲ ከሆነ የሊጋችሁን አቆጣጠር አንብቡ። አማካይ የሚቆጠርበት ሊግ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ይጎዳችኋል። ዎክ ነጥብ የሚያስገኝበት ከሆነ ግን ዋጋው ይጨምራል።

በእውነተኛው ገበያ ደግሞ የሰጣችሁት ነገር እግር አውጥቶ ይሄዳል። ያንኪስ ከሰጣቸው አራት ወጣቶች ሁለቱ፣ ጆሽ ስሚዝ እና ኢዝኪየል ዱራን፣ በ2023 ዋንጫውን ባነሳው የቴክሳስ ቡድን ውስጥ ተጫውተዋል። ናሽናልስ ጋሎን ለ2024 ሲያመጣው ግን ማንንም አልለወጠም፤ ነጻ ሆኖ ስላገኘው በ5 ሚሊዮን ዶላር የአንድ ዓመት ውል አስፈረመው። በ76 ጨዋታ 10 ሆም ረን፣ 0.161። እንደ ደጋፊ ቆሽቴ አሯል፣ ግን ዓመቱ ሲያልቅ ከቡድኑ የጎደለ አንድም ወጣት አልነበረም።