ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ገንዳው ይሞላ

ግቢያችሁ ውስጥ የዋና ገንዳ የምታሠሩ፣ እባካችሁ ሴራሚኩን አታስቸኩሉ። ኮንክሪቱ ውሃ እየጠጣ ሰንብቶ 28 ቀን ሲሞላው ገንዳውን ሙሉትና አንድ ሳምንት ተዉት፤ መጀመሪያ ላይ ግድግዳው ራሱ ስለሚመጥ ቢጎድል አትደንግጡ።

ከዚያ ዝናብ በሌለበት ቀን ባልዲ በውሃ ሞልታችሁ የገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጡ። የባልዲውንም የገንዳውንም የውሃ ልክ በማርከር አስምሩ። በ24 ሰዓት እኩል ከቀነሱ ትነት ነው። ገንዳው በልጦ ከወረደ ግን ያፈሳል፤ 8 በ4 ሜትር በሆነ ገንዳ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት 320 ሊትር ነው!

ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት መስመርና ቱቦ ያለፈበት ቀዳዳ ዙሪያ ነው። ላዩን ሲሚንቶ መቀባት አይበቃም፤ የላላው ተፈልፍሎ ይወጣና፣ ሲደርቅ በማይኮማተር ግራውት (ቀዳዳ መሙያ የሲሚንቶ ድብልቅ) ይሞላና እንደገና ይፈተሽ።