የባልሳ አውሮፕላኔ ክንፍ እንዴት ተቃና

ከባልሳ (ቀላል እንጨት) የምሠራው ትንሽ ሞዴል አውሮፕላን ኪት፣ ማለትም የመገጣጠሚያ ጥቅል፣ ውስጥ የመጡት የክንፍ ጎድኖች ዘንጉ የሚገባበት ክፍተታቸው እኩል አልተቆረጠም። ጎድኖቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያያይዘው ዋናው ዘንግ አንዱ ላይ ጠብቆ ሌላው ላይ ይላላል። በግድ ቢጣበቅ ክንፉ ይጣመማል፣ አውሮፕላኑም ወደ አንድ ጎን ይወድቃል።

ጎድኖቹን አንድ በአንድ መሞረድ ልዩነቱን ያባብሰዋል። እኔ ሁሉንም እንደ ካርታ ደርቤ በስፒል ወጋኋቸው። የዘንጉን ትራፊ እንጨት ትንሽ አቅጥኜ ጠርዙ ላይ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ለጠፍኩና ክፍተቶቹን በአንድ ላይ ሞረድኩ። ባልሳ ለስላሳ ነው፤ እጅ ከከበደ ዳሩ ይፈርሳል። በመጨረሻ ዘንጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይገፋ ተንሸራቶ ገባ፤ እንዴት ደስ እንደሚል!

የተጠማዘዘውን የኋላ ጠርዝ በውሃ አርጥቤ፣ ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ በስፒል ወጥሬ አሳደርኩት። ተቃና።

የቀረው ሚዛን ነው። አውሮፕላኑ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ የወርዱ 30 በመቶ ገደማ ላይ በሁለት ጣት ሲነሳ አግድም መቆም አለበት፤ ጭራው ስለከበደ አፍንጫው ውስጥ ትናንሽ ብሎኖች ጨመርኩ።

የምሞክርባት አዳማ የንፋስ ተርባይን የተተከለላት ከተማ ስለሆነች ሙከራው ማለዳ፣ ንፋሱ ሳይነሳ ቢሆን ይሻላል። ሲለቀቅ አፍንጫውን እያነሳ ከወደቀ አንድ ብሎን ይጨመር፤ ቶሎ ከተደፋ ይቀነስ።