ከትምህርት ቤት ወደ ሥራ፦ አካል ጉዳተኛ ተማሪን በኦኩፔሽናል ቴራፒ ማዘጋጀት

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሰው የዕለት ተግባሩንና ሥራውን በራሱ እንዲያከናውን የሚያግዝ ሙያ ነው። ለሥራ የሚደረገው ዝግጅት በመጨረሻው የትምህርት ዓመት ከተጀመረ ዘግይቷል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ይቀደም። ትምህርቱን ሲጨርስ የት መዋል እንደሚፈልግ ተማሪውን ራሱን ይጠይቁት። የማይናገር ከሆነ ፎቶ እያሳዩ ያስመርጡት። አጠገቡ የተቀመጠ ወላጅ ከመለሰለት ምርጫው የወላጁ እንጂ የተማሪው አይሆንም።

ከዚያ ሥራው ቦታ ድረስ ይሂዱ። ጫጫታውም የጠረጴዛው ከፍታም እንደ ክፍሉ ስላልሆነ ክፍል ውስጥ የቻለው እዚያ ሊጠፋበት ይችላል። ሥራውን መጀመሪያ ራስዎ ይሥሩና እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ይጻፉ። ሳሙና ማሸግ ቀላል ይመስላል፤ ሲዘረዘር ግን ካርቶን መዘርጋት፣ ታቹን በፕላስተር መለጠፍ፣ 10 ሳሙና ቆጥሮ መደርደር፣ መክደን፣ መለጠፍ፣ ቦታው ማድረስ አለበት። አሁን ተማሪው ሲሠራ ዝም ብለው ይመልከቱ። የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ነው።

ቆጠራው ከጠፋበት ቁጥር በማስተማር ወራት አይፍጁ፤ 10 ክፍት ቦታ ያለው የእንጨት መደርደሪያ ያሠሩለት። ሲሞላ፣ ተቆጠረ ማለት ነው። አንድ እጁ ብቻ የሚታዘዝለት ከሆነ የፕላስተር መቁረጫውን ከጠረጴዛው ጋር በብሎን ያጥብቁት፤ ካርቶኑ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ጎማ ያንጥፉ።

የቀረውን ከመጨረሻው ጀምረው ያስተምሩ። ሁሉንም እርስዎ ሠርተው የመጨረሻዋን ደረጃ ለእሱ ይተዉለት፤ እሷን ሲችል የመጨረሻዎቹን ሁለት። በዚህ መንገድ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ሥራ ጨርሶ ይነሳል።

ባለሙያውን የሚያጠምደው የራሱ ምላስ ነው። «አሁን ክደነው፣ ጎበዝ፣ ቀጥል» የለመደ ልጅ ድምፁ ሲጠፋ እጁም ይቆማል፤ አሠሪው ደግሞ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ አይውልም። የየደረጃውን ፎቶ በተርታ ይለጥፉ። ሲዘገይ በልብዎ እስከ 10 ይቁጠሩ፤ ካልቀጠለ ሳይናገሩ ፎቶውን በጣት ያሳዩት። በየቀኑ ስንት ደረጃ ያለ እርዳታ እንደሠራ ይመዝግቡ። ሳምንት ሙሉ ለውጥ ከሌለ ያቆመውን ደረጃ ለሁለት ይክፈሉት።

እጁ ሥራውን እየቻለ ከሥራ የሚቀርም አለ፦ መንገዱ ይጠፋዋል፣ በእረፍት ሰዓት የሚያደርገው ግራ ይገባዋል፣ ካርቶን ሲያልቅ መጠየቅ አይችልም። ለመጨረሻው «ካርቶን አልቋል» የሚል አንድ ካርድ በኪሱ ይበቃል። መንገዱን ግን በትክክለኛው የሥራ ሰዓት ያለማምዱት፤ መጀመሪያ ጎን ለጎን፣ ቀጥሎ ከኋላ ራቅ ብለው፣ በመጨረሻ መድረሻው ላይ ጠብቀው።

ሲለዩት ለቅርብ አለቃው አንድ ገጽ ይተዉ፦ ብቻውን የሚሠራው፣ የሚረብሸው፣ ሲረበሽ የሚያረጋጋው፣ መደርደሪያው ሲሰበርም ማን እንደሚጠግነው።