ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት፣ ከዲሽ ወደ ኢንተርኔት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች

የቤት ቴሌቪዥን አገልግሎት ሲቀየር አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከቅደም ተከተሉ ነው። አሮጌው ዲሽ ቀድሞ ይነቀላል፣ ሪሲቨሩ ይሸጣል፣ አዲሱ አልሠራ ሲል ደግሞ ቤቱ ሳምንት ሙሉ ያለ ዜናና ያለ ኳስ ይሰነብታል። አዲሱ ሳሎን ውስጥ ሦስት ቀን ሳይቆራረጥ እስኪታይ ድረስ ከአሮጌው አንድ ብሎን እንኳ አይፍቱ።

ከሁሉ በፊት ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚያይ ይጻፉ። የአገር ውስጥ ዜናና ድራማ ብቻ ከሆነ ወርሃዊ ክፍያ የሌለው ኢትዮሳት ይበቃል። የአረብኛ ቻናል የሚከታተል ሰው ካለ ናይልሳት መቅረት የለበትም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በየሳምንቱ የሚፈልግ ቤት ዲኤስቲቪን ይዞ ይቆያል። ፊልም መርጦ ማየት የሚፈልግ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። ሁሉንም በአንድ ዕቃ መተካት አይቻልም፤ እንደሚቻል የሚነግርዎትን ሻጭ አይመኑ።

ኢትዮሳት የሚሠራጨው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ካለው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ነው። ናይልሳት ያለው 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። ስለዚህ ዲሹን ትንሽ ገፋ በማድረግ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ አይቻልም፤ ሙሉ በሙሉ መዞር አለበት። ለናይልሳት ዲሹ ወደ ምዕራብ፣ ደሴ ላይ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ፣ 35 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ያያል። ለኢትዮሳት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ 66 ዲግሪ ቀና ይላል። ደሴ ያለ ሰው አቅጣጫውን በቀላሉ ያገኘዋል፤ ፊትን ወደ ኮምቦልቻ ማዞርና ጥቂት ወደ ቀኝ ማለት ነው። ኮምፓስ ላይ 122 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ኮምቦልቻም ቁጥሩ ያው ነው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ሲግናል ላይ አይታወቅም። የስልክ ኮምፓስ ቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ ስለሚዋሽ ከጣሪያው ጥቂት ሜትር ርቀው አቅጣጫውን ይለኩና በሩቅ የሚታይ ነገር ምልክት ያድርጉ።

66 ዲግሪ ከፍ ያለ ስለሆነ ተራራው አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አጠገብ ያለ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍና የጎረቤት ፎቅ ነው። ግድግዳ ላይ በሚታሰር ዲሽ ደግሞ የጣሪያው ክፈፍ ፊቱን ይጋርዳል። ይህን ሳያዩ ግድግዳ አይብሱ።

አሁን ወደ ሥራው። ሪሲቨሩ ኤችዲ የሚያነብ መሆን አለበት፤ የድሮው ኤችዲ የማያነብ ሪሲቨር ሲግናል ቢያገኝም ቻናሉን አያወጣም። ሜኑው ላይ የኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ) ዓይነት ዩኒቨርሳል፣ ማለትም 9750/10600 ያድርጉ። አዲስ ፍሪኩዌንሲ ይጨምሩ፦ 11105፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000። ሁለተኛ መሞከሪያ 11605፣ ሆሪዞንታል፣ 45000 ነው። የሲግናሉን ጥራት በሚያሳየው የኳሊቲ መስመር ላይ ዓይን የሚጥል ሰው ቤት ውስጥ፣ ዲሹ ዘንድ ደግሞ አንድ ሰው ይሁን። ቴሌቪዥኑን ወደ በረንዳ ማውጣት ከመጯጯህ ይሻላል።

ብሎኖቹን ዲሹ በእጅ ሲገፋ እንዲንቀሳቀስ፣ ሲለቁት ግን እንዳይወድቅ አድርገው ያላሏቸው። ከፍታውን በመያዣው ላይ ባለው ቁጥር 66 ላይ ያድርጉና ወደ ጎን ቀስ ብለው ያዙሩ። 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ላይ ጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ሲንቀሳቀስ ከ1 ዲግሪ በላይ ዞረ ማለት ነው። ሪሲቨሩ ሲግናሉን እስኪይዝ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል፤ ገፋ፣ ቆም፣ ገፋ፣ ቆም። ብዙ ሰው ሳተላይቱን የሚያልፈው በጥድፊያ ነው። የሚታየውም ኳሊቲ የሚለው መስመር ነው፤ ስትሬንግዝ የሚለው ዲሹ የትም ቢያይ ከፍ ሊል ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የኤልኤንቢው ዙር ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኤልኤንቢው በጣም መዞር አለበት። ከዲሹ ጀርባ ቆመው ወደ ሳተላይቱ ሲመለከቱ የገመዱ መግቢያ በግድግዳ ሰዓት 6 ቁጥር ላይ እንዳለ ይቁጠሩ። ለኢትዮሳት ወደ 4 ቁጥር ይመጣል፤ ለናይልሳት ግን ከ8 ቁጥር ያልፋል። ከዲሹ ፊት ቆመው ካዩት ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ ስህተቱ የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። ዲሹን አዙረው ኤልኤንቢውን እንደነበረ ከተዉት ሁለቱ የሞገድ አቅጣጫዎች፣ ሆሪዞንታሉና ቨርቲካሉ፣ ይቀላቀሉና ኳሊቲው ወይ ዜሮ ይሆናል ወይ ይዋዥቃል። ከፍተኛውን ኳሊቲ ካገኙ በኋላ ብሎኖቹን በየተራ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ፤ አንዱን ጨርሶ ማጥበቅ ዲሹን ይጎትተዋል።

ከዲሹ ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደው ገመድ አርጂ6 የሚባለው ዓይነት ይሁን። ኮኔክተሩን ሲያስገቡ ከሽቦ መረቡ አንድ ክር እንኳ የመሃሉን መዳብ ከነካ ሲግናል የለም፤ ሪሲቨሩም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ገመድ ሲነቀልም ሲሰካም ሪሲቨሩ ከሶኬት ይውጣ። የሆሪዞንታል ቻናል ኤልኤንቢው 18 ቮልት እንዲደርሰው ይፈልጋል። ቀጭንና ረጅም ገመድ ወይም የደከመ ሪሲቨር ይህን ማድረስ ሲያቅተው እላይ የተጠቀሱት ፍሪኩዌንሲዎች በሙሉ ይጠፋሉ፤ ቨርቲካሎቹ ግን ይሠራሉ። ኮኔክተሩን ላስቲክ ያልብሱት፣ ገመዱም ከመግቢያው በታች ወረድ ብሎ እንዲታጠፍ ያድርጉ፤ የደሴ ክረምት በገመዱ ውስጥ ውሃ ይሰዳል። ለኮምቦልቻ ፀሐይ ደግሞ ጥቁር ሽፋን ያለው ገመድ ከነጩ ይሻላል።

ናይልሳትንም ማቆየት ካስፈለገ ሁለተኛ ዲሽ ይተከላል፤ ሁለቱ ሳተላይቶች በጣም ስለሚራራቁ በአንድ ዲሽ ሁለት ኤልኤንቢ አይሆንም። ሁለቱን ገመዶች፣ ሁለት ዲሽ ከአንድ ሪሲቨር ጋር በሚያገናኘው ዳይሴክ ስዊች አንድ ያድርጉና ሜኑው ላይ ለእያንዳንዱ ሳተላይት ትክክለኛውን ቁጥር ይምረጡ። የዲኤስቲቪ ዲሽ 36 ዲግሪ ምሥራቅን ስለሚያይ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ75 ዲግሪ በላይ ቀና ይላል። ክፍያውን ካቆሙ ዲሹን ለኢትዮሳት ማዞር ይቻላል፤ ኤልኤንቢው ዩኒቨርሳል ካልሆነ ግን ይቀየር።

በከባድ ዝናብ ለጥቂት ደቂቃ መቋረጥ ያለ ነው። በየዓመቱ በመጋቢት መጀመሪያ ሳምንትና ከመስቀል ማግስት ባሉት ቀናት ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ትገባለች፤ ጠራ ባለ ሰማይ ላይ ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። ያን ጊዜ ዲሹን መነካካት ትልቅ ጥፋት ነው። ተዉት፣ ራሱ ይመለሳል።

ወደ ኢንተርኔት የሚዞር ቤት አስቀድሞ ሒሳቡን ይሥራ። ኔትፍሊክስ በመደበኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በኤችዲ እስከ 3፣ በ4ኬ እስከ 7 ጊጋባይት ይበላል። ማታ ማታ 3 ሰዓት በኤችዲ የሚያይ ቤት በወር 270 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ በመደበኛ ጥራት 90 ይበቃዋል። የሞባይል ጥቅል ለዚህ አይዘልቅም። ያልተገደበ የቤት መስመር፣ ፋይበር ሰፈርዎ ደርሶ ከሆነ ደግሞ ፋይበሩን ያስገቡ። ለ720 ጥራት 3 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለ1080 5፣ ለ4ኬ 15 ያስፈልጋል። ፍጥነቱን የሚለኩት ራውተሩ አጠገብ በስልክ ሳይሆን ቴሌቪዥኑ ባለበት ቦታ፣ ሰፈሩ በሙሉ በሚጠቀምበት ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ይሁን። የድንጋይ ግድግዳ ካለ ከዋይፋይ የኔትወርክ ገመድ መሳብ ይሻላል።

ኔትፍሊክስን በውጭ አገር ዘመድ አካውንት ለማየት ያሰበ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ከ2023 ጀምሮ አካውንቱ ለአንድ ቤት ብቻ እንደሆነ ድርጅቱ እየተቆጣጠረ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ማረጋገጫ ይጠየቃል። አገልግሎቱን ሲያቋርጡም የተከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ ይታያል፣ የተመለከቷቸው ዝርዝርም ወዲያው አይጠፋም።

አሮጌውን ቴሌቪዥን ወይም አንድሮይድ ቦክስ ከመሸጥዎ በፊት ከሁሉም አካውንት ይውጡና ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሱት። ይህን ረስተው ከሸጡት ከስልክዎ ሆነው ከሁሉም መሣሪያዎች የሚያስወጣውን አማራጭ ይጫኑና የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ።