በንባብ ክበብ ስለ እንግሊዝ ክላሲክ ልብ ወለዶች ሲወያዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የንባብ ክበባችን በወር አንድ ጊዜ ሲሰበሰብ አስቸጋሪው ነገር መጽሐፉን ጨርሶ መምጣት ይመስለኝ ነበር። የ18ኛውንና የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ልብ ወለዶች ማንበብ ከጀመርን ወዲህ ግን፣ መጽሐፉ ያሳደረብንን ስሜት ሌላው ሊከራከርበት በሚችል መልክ መናገር ከንባቡ ይልቅ እንደሚከብድ ተረድቻለሁ። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ቀዳሚው «ወደድኩት» ወይም «ሰለቸኝ» ብሎ ማቆም ነው። ስሜቱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከአንድ ገጽ ጋር ካልተያያዘ ሌላው አባል የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። መሰልቸትም ቢሆን የት ቦታ እንደጀመረ ከታወቀ ቁም ነገር ይወጣዋል፤ ለዚህም በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ መምጣት ይበቃል።

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስህተት ገጸ ባሕርያቱን ከኖሩበት ሕግና ኑሮ ነጥሎ መፍረድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1813 የታተመውን የጄን ኦስተንን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ባነበብንበት ወር፣ አብዛኞቻችን ሻርሎት ሉካስን ያለ ርኅራኄ አወገዝናት። የ27 ዓመቷ ሻርሎት፣ ጓደኛዋ ኤልሳቤጥ ቤኔት አላገባም ያለችውን፣ ለባለጸጎች የሚያጎበድደውንና በራሱ የሚመጻደቀውን ቄስ ሚስተር ኮሊንስን ለማግባት በመስማማቷ እኔም «ራሷን ሸጠች» ብዬ ነበር። አንዲት አባል ግን ረጋ ብላ «ቆማ ቀረች የሚለውን ቃል እዚህ መካከል የማያውቅ አለ?» ስትል ጠየቀች፤ ለጊዜው የመለሰላት አልነበረም። ሻርሎት የራሷ ገንዘብ የላትም፤ ተምራ ሀብት ላልታደለች ሴት ደግሞ የተከበረው መጠጊያ ጋብቻ ብቻ እንደነበረ ደራሲዋ በዚያው ምዕራፍ ታስረዳለች። የቤኔቶች ርስትም ለወንድ ወራሽ ብቻ እንዲተላለፍ የታሰረ ስለሆነ፣ አባትየው ሲሞቱ እናትና አምስት ሴቶች ልጆች ቤቱን ለወንድ ዘመዳቸው ለዚያው ለኮሊንስ ለቀው መውጣታቸው አይቀርም። ይህ ከታወቀ በኋላ ባል ፍለጋ ስትሯሯጥ የሳቅንባት ወይዘሮ ቤኔት ሞኝነቷ ባይቀንስም ፍርሃቷ መሠረት ያለው ሆኖ ይገኛል። ሻርሎትን መውቀስ አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ኤልሳቤጥም ወቅሳታለች። ሆኖም ወቃሹ ሻርሎት ሌላ ምን መንገድ እንደነበራት ከመጽሐፉ ውስጥ ማሳየት ይጠበቅበታል።

የተራኪውን ቃል እንደ ደራሲው እምነት መውሰድም ሌላው ችግር ነው። ያው የኦስተን ልብ ወለድ የሚከፈተው፣ ሀብት ያለው ላጤ ሚስት እንደሚያስፈልገው ዓለም ሁሉ የተቀበለው እውነት ነው በሚል ዐረፍተ ነገር ነው። በሰምና ወርቅ ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ሊታለል ባልተገባ ነበር፤ ሰሙ ባለጸጋው ሚስት ይፈልጋል ይላል፣ ወርቁ ግን ባለጸጋውን የሚፈልጉት ሴት ልጆች ያሏቸው ጎረቤቶች ናቸው። በ1847 የወጣው የኤሚሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ወጥመድ አለው። ታሪኩን ለእንግዳው ለሎክዉድ የምትነግረው የቤት ሠራተኛዋ ኔሊ ዲን ናት። ባለታሪኳ ካትሪን አብሯት ያደገውን ሂትክሊፍን ማግባት እንደሚያዋርዳት ስትናገር፣ ሂትክሊፍ ሰምቶ ሹልክ ብሎ ሲወጣ ኔሊ አይታዋለች፤ ወዲያው ግን ለካትሪን አልነገረቻትም። እርሱም ካትሪን ምን ያህል እንደምትወደው ሳይሰማ ሄደ። እንዲህ ያለች ተራኪ ስለ ሌሎች የምትሰጠውን ፍርድ ሁሉ እንዳለ ተቀብሎ ወደ ውይይት መምጣት እጅግ ያሳስታል።

ፊልሙን አይቶ መምጣት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በ1939 የተሠራው የ«ዉዘሪንግ ሃይትስ» ፊልም የሁለተኛውን ትውልድ ታሪክ ጨርሶ ትቶታል፤ ስለዚህ ያንን ብቻ ያየ ሰው የመጽሐፉን እኩሌታ አያውቀውም።

የስብሰባው ዋዜማ ሌሊት መጽሐፉን በአንድ ትንፋሽ መጨረስም የአንባቢውን ፍርድ ያዛባል። የቻርልስ ዲከንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ከታኅሣሥ 1860 እስከ ነሐሴ 1861 በየሳምንቱ በመጽሔት እየተከፋፈለ የወጣ ነው። በሁለት ሌሊት የጨረስኩት እኔ «ልብ የሚያንጠለጥል ነገር በዛበት» ብዬ አማርሬ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ግን ቀጣዩን ክፍል ለማግኘት ሰባት ቀን ይጠብቁ ነበር። አሁን ሦስት ሦስት ምዕራፍ እየከፈልኩ አነባለሁ፣ ቅሬታዬም በእጅጉ ቀንሷል። በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ያለኝ ቅሬታ ግን አልለቀቀኝም። ዲከንስ በመጀመሪያ ባለታሪኩን ፒፕንና የሚያፈቅራትን ኤስቴላን በአጭር ግንኙነት የሚያለያይ ፍጻሜ ጽፎ ነበር፤ ወዳጁ ኤድዋርድ በልወር-ሊተን ስለመከረው ግን ለውጦታል። ቀድሞ የጻፈው ይሻል ነበር ባይ ነኝ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የተቀመጠ የሚመስል ስህተትም አለ። የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» (1759) ባለታሪኩ የአቢሲኒያ ልዑል ነውና፣ አንዳንዶቻችን አገራችንን ፍለጋ ገብተን ተናደን ወጣን። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላያትም፤ የሚያውቃት በ1735 ወደ ኢትዮጵያ የመጣውን የካቶሊክ ሚስዮናዊ (ጀስዊት) የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ በማሳተሙ ነው። የልቡ ጥያቄ ሰው በምን ደስተኛ ይሆናል የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ልዑሉ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር በአማራ ምድር በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ተዘግቶበት ሲነበብ፣ ነገሥታቱ ወንድሞቻቸውንና ልጆቻቸውን ያስቀምጡበት የነበረውን አምባ ግሸንን የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ አይኖርም። በዚያ ስብሰባ የቀረው ሰዓታችን ያለቀው በግሸን ነው፤ የጆንሰንን ሁለተኛ አጋማሽ ለሚቀጥለው ወር አስተላልፈነዋል።